ማን ያረደው ነው?

በቀን የሚተኛ ሰው እንቅልፍን የሚያገኛት ለምኖ ነው። ኸይሪም ይኸው ከጧት ጀምሮ እየለመናት ነው፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ፣ ጥጋጥጉን በፕላስተር ለጥፎ፣ ስልኩን ትራስ ሥር ቀብሮ፤ ግን የቴክሳስን ፀሐይ ብርድ ልብስ አያግዳትም፣ በክሩ መሃል ሾልካ ትመጣና ደረቱ ላይ ትቀመጣለች፣ እሱም በእሷ ላይ ክፉ ቃል መናገር አይችልም፣ በእነሱ ዘንድ ፀሐይን ይሳለሟታል እንጂ አይረግሟትም፤ ዛሬ ጧት እንኳ ከሆቴሉ ሥራ ወጥቶ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ጸልዮ ነው የመጣው፣ መኪና ሲያልፍ ደግሞ አንገቱን መዘዝ ያደርጋል፣ አውቶቡሱ የዘገየበት ሰው ለመምሰል። አሁን ጎኑን ይገለብጣል። ከላይ ቤት ያሉት ልጆች ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ ትንሽ ሸለብ ቢያደርገው ምናለ፣ ግን ያ ነገር አለ፣ ዓይኑን በከደነ ቁጥር ያ በግ ይመጣል፣ ገና ያላየው በግ፣ ነጭ ይሁን ጥቁር የማያውቀው በግ፣ ይመጣና አንገቱን ይዘረጋለታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዐርብ ዐረፋ ነው፣ የእስላሞቹ የመሥዋዕት በዓል፣ ለዚያም ቀን "በጉን የምታርድልን አንተ ነህ" ተብሏል። በግ ማረድ ምን እንቅልፍ ይነሳል ብትሉ፣ ኸይሪ እኮ እስላም አይደለም፤ እነሱ ግን ይመስላቸዋል። ቋንቋው ኩርድኛ ነው፣ እናቱ እሹሩሩ ያለችው በኩርድኛ፣ የተጣላውም የታረቀውም በኩርድኛ፤ ሃይማኖቱ ግን ያዚዲ ነው፣ ከድሮም ድሮ የነበረ፣ ከተራራ ተራራ ሲሳደድ የኖረ ሃይማኖት። አምላካቸው አንድ እግዚአብሔር ነው፣ ከእሱ በታች ሰባት መላእክት አሉ፣ የመላእክቱም አለቃ ጣዎስ ነው፣ ያ ላባውን እንደ አደይ ሜዳ የሚዘረጋው ወፍ፤ ጎረቤት ግን ይኼን መልአክ ከዚያ ከሰማይ ከወደቀው ጋር አንድ አድርጎ ያማቸዋል። የወደቀውን ስም እነሱ አይጠሩም፣ በቀልድም በቁጣም፤ የእነሱን ነገር እያወራን እኛም ብንተወው ምንም አይቀርብን። እንግዲህ በዚህ ሐሜት የተነሳ ያገሩ እስላም ያዚዲ ያረደውን አይበላም፣ ያዚዲት ያረጋችውን እርጎ አይቀምስም። ይኼንንማ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፣ እኛም አገር ሥጋ ሲቀርብ መጀመሪያ "ማን ያረደው ነው?" ተብሎ አይደል እጅ የሚዘረጋ።

ታዲያ እንዴት እስላም መሰላቸው? ዋሸ እንዳትሉት፣ አልዋሸም፤ አልዋሸሁም ብሎም አይጽናናም። ባለፈው መስከረም ግድም ከባግዳድ የመጣው ጦር ወደ ሰሜን ሲገባ ለፈረንጅ የእርዳታ ድርጅት የሠራ ሁሉ ይለቀማል ተባለ፣ የእርዳታ ስንዴ ጭኖ ይነዳ የነበረው ኸይሪም ስሙ በአሜሪካኖቹ ተጠራና በአውሮፕላን ተጫነ፣ ውቅያኖስ መሃል ጓም የምትባል ደሴት ላይ ከተሰደደው ሕዝብ ጋር ሰነበተ፣ ከዚያ ሌላው ወደየከተማው ሲመደብ ለእሱ ዳላስ ለብቻው ደረሰው። እናቱ "እኔ ከመቅደሳችን፣ ከላሊሽ ሸለቆ ርቄ የት ልቀበር ነው" ብላ ቀረች። ሚስት አላገባም። ኤርፖርቱ ውስጥ ቆሞ ሻንጣውን ሲጠብቅ ነጭ ሪዝ ያላቸው ሽማግሌ ከሚስታቸው ጋር ቀርበው በኩርድኛ "ወንድማችን፣ መንገዱ እንዴት ነበር?" አሉት፣ እሱም "አልሐምዱሊላህ" አለ፣ ያገሩ ሰው ሁሉ የሚለው ቃል ነው፤ ሽማግሌው ትከሻውን አቅፈው "የኛው ነህ!" አሉት፣ እሱም አይደለሁም አላለም። ይቺው ናት። ከዚያ ወዲህ ዝም ብቻ ነው ያለ። ዝምታም እንደ ልጅ ናት፣ ካልቀጧት ታድጋለች።

ሽማግሌው ሰብሪ ይባላሉ፤ ኩርዶች አጎቴ ለማለት "ማሞ" ነው የሚሉት፣ ስለዚህ ማሞ ሰብሪ፤ ሚስታቸውም ዘኪያ፣ እናት ማለት "ዳዬ" ነውና ዳዬ ዘኪያ። ከዳላስ ዳር፣ ኧርቪንግ ውስጥ፣ ከእሱ አፓርትመንት ሁለት ደረጃ ወርዶ ነው ቤታቸው። በብርዱ ጊዜ ትኩሳት ጥሎት ሲቃዥ ሾርባ ይዘው የመጡ፣ ግንባሩን በሆምጣጤ ያበሱ፣ ካልሲውን ሳይቀር አጥበው የሰቀሉ ዳዬ ዘኪያ ናቸው። እሁድ እሁድ ምንጣፍ ላይ አንድ ሰፊ ትሪ ሩዝ ይቀርባል፣ ዙሪያውን ሁሉም በእጁ ይበላል፣ የኸይሪም እጅ ከእጆቹ አንዱ ናት። በታኅሣሥ የራሳቸውን ሦስት ቀን ጾም ብቻውን፣ በሩን ዘግቶ ጾመ፤ ረመዳን ሲመጣ ደግሞ ከእነሱ ጋር ጾመ። ይኼን ሁሉ አሁን እየተገላበጠ ያስበዋል፤ ትሪውን፣ የሆምጣጤውን ሽታ፣ ካልሲውን። ሰው ለካስ ካልሲውን ያጠበለትን ሰው ሊያጣ ሲል ነው እንቅልፍ የሚያጣ።

መናገር የነበረበት በኔውሮዝ ነበር፣ በኩርዶቹ አዲስ ዓመት፣ መጋቢት ላይ፤ ሪቻርድሰን አንድ መናፈሻ ውስጥ እሳት አንድደው ሲጨፍሩ። የዳዬ ዘኪያ የወንድም ልጅ ዲልሻድ፣ እዚያው ሪቻርድሰን የስልክ ኩባንያ ውስጥ ኮምፒውተር የሚሠራው፣ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ይናገራል፤ ዲልሻድ ጠረጴዛ ካየ መውጣቱ አይቀርም። "ያዚዲዎች የመጀመሪያዎቹ ኩርዶች ናቸው! አባቶቻችን ሁሉ ያዚዲ ነበሩ፣ የተለወጥነው እኛ ነን!" እያለ። ኸይሪ አሁን ልንገራቸው አለ፣ አንድ እርምጃም ተራመደ። ዳዬ ዘኪያ ከሰሐኑ ቀና ሳይሉ "የመጀመሪያም ይሁኑ የመጨረሻ፣ እኔ እርጎአቸውን አልቀምስም" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ዲልሻድም ሳቀ፣ ኸይሪም ሳቀ። አሁን ያቺን ሳቁን ከየት እንዳመጣት ይመረምራል። ለመቆጠር ሲሆን ኩርዶቹ ኩርድ ናችሁ ይሉናል፣ ባግዳድ ደግሞ ዐረብ ናችሁ ብላ ትመዘግበናለች፣ ማዕድ ሲቀርብ ግን ሁለቱም አያውቁንም፤ ይኼን ማለት ነበረበት፣ ይኼንን፣ ቃል በቃል፣ እዚያው ጠረጴዛው ሥር ቆሞ፤ ሳቀ እንጂ አላለም። በዚያኑ ቀን ከሥጋ ቤት የመጣ ሙሉ ጠቦት ነበር፣ ዲልሻድና ጓደኞቹ እንደ እንጨት ሲፈልጡት ዓይኑ አልችል ብሎ ቢላውን ተቀበላቸው፣ መጋጠሚያ መጋጠሚያውን ፈልጎ፣ አጥንት ሳይሰብር፣ ጠቦቱን እንደ ልብስ አወላልቆ አስቀመጠላቸው። ማሞ ሰብሪ ቆመው አዩ። "የማን ልጅ ነህ አንተ?" አሉት። "የበግ ነጋዴ" አላቸው። ያን ጊዜ ነው በጉ የመጣበት።

እሁድ ደግሞ ትሪው ተነስቶ ሻይ ሲቀርብ ማሞ ሰብሪ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩት። እጃቸው እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል።

"አየህ ልጄ? እስከ አምና ድረስ እኔ ነበርኩ የማርድ። ዘንድሮ ይቺ እጅ አመፀችብኝ።"

"ዲልሻድስ?" ይላል ኸይሪ።

"ዲልሻድ!" አሉ ዳዬ ዘኪያ ከጓዳ። "ዲልሻድ ዶሮ ሲታረድ ራሱን ይስታል፣ በግማ ቢያይ እሱኑ ነው የምንቀብር።"

"አክስቴ፣ እኔ እንስሳት አዝንላቸዋለሁ ነው እንጂ—" አለ ሻይ የያዘው ዲልሻድ።

"ስትበላቸው አታዝንላቸውም።"

ማሞ ሰብሪ እየሳቁ የኸይሪን ጉልበት መታ መታ አደረጉ። "በቃ አንተ ነህ። ዐርብ ከፎርት ዎርዝ ወዲያ አንድ የሜክሲኮ ሰው እርሻ አለው፣ እዚያ እንሄዳለን። አላህ እጅህን ይባርከው።" ኸይሪም ራሱን ነቀነቀ። አንገት እኮ ከአፍ ቀድማ ትዋሻለች።

ታምሜአለሁ ልበል? ይላል አሁን ለብርድ ልብሱ። ታምሜአለሁ ካለ ዳዬ ዘኪያ ሾርባ ይዘው ይመጣሉ፣ የከርሞው ዐረፋም ይመጣል። ዝም ብዬ ልረደው? በግ በግ ነው፣ ደሙም ያው ደም ነው፣ ማን ያውቃል? ይኼን ሲያስብ ግን ኸድር ይመጣበታል። ያዚዲ ሁሉ አንድ የወዲያኛው ዓለም ወንድም ይይዛል፤ የሥጋ ዘመድ ያልሆነ፣ በሕይወት ሳሉ የሚመራረጡት፣ አንዱ ሲሞት ሌላው ራስጌው የሚቆም፣ በፍርድ ቀንም አንዱ ስለ ሌላው የሚጠየቅ፤ የእኛ የነፍስ አባት ከንስሐ ልጁ ጋር እንዳለው ነገር መሰላችሁ። የኸይሪ ኸድር ነው፣ እዚያው መንደር የቀረ ፍየል ጠባቂ። እኔ እዚህ የሰው ሃይማኖት በምስጢር ባስረክስ፣ ኸድር እዚያ ፍየሉን እየነዳ ምንም ሳያውቅ ይጻፍበታል። "ኸድር፣ ምን አደረግክ?" ሲባል "ዳላስ የት ነው?" ይላል ምስኪኑ። ኸይሪ ብቻውን ሳቀና፣ ሳቁ እንባ አምጥቶበት፣ ተነስቶ ፊቱን ታጠበ። የሥራ ሰዓት ደርሷል።

የሚሠራበት ላውንደሪ፣ የልብስ ማጠቢያው፣ ከሆቴሉ ሥር፣ መስኮት የሌለው ቤት ነው። አንሶላ የሚያጣጥፈው ከአስካለማርያም ጋር ነው፤ ሱዳን ብዙ ዓመት ኖራ የመጣች የጎንደር ሴት ናት፣ እሱ በባግዳድ ዐረብኛ፣ እሷ በካርቱም ዐረብኛ፣ አንሶላው በመካከላቸው እየጠበበ ሲሄድ ይግባባሉ። ድራየሩ፣ ማድረቂያው፣ በቆመ ቁጥር ያንን የማይጠራውን ስም ጠርታ ትረግመዋለች፣ እሱም በሰማ ቁጥር አንሶላውን ይለቀዋል።

"ዛሬ ምን ሆነሃል? ሦስተኛ አንሶላ ጣልክብኝ እኮ!"

"አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እስላም ያረደውን ይበላሉ?"

"በሁዳዴ መካከል ሥጋ ታነሳብኛለህ? ኧረ ተው አንተ ልጅ!"

"ሲፈታስ?"

"ሲፈታም አልበላም። አንተን ንቄ አይደለም እንግዲህ። እናቴ አልበላችም፣ እኔም አልበላም።"

"ሳያውቁ ቢያበሉዎትስ?"

አንሶላውን አስቀመጠች። "ማን ነው ሊያበላኝ ያሰበው?"

"እርስዎን አይደለም" አለና፣ ከደሴቲቱ እስከ ዳላስ ለሰው ያልነገረውን በድራየሩ ጩኸት መሃል ለእሷ ነገራት። እየሰማች ራሷን ትነቀንቃለች።

"እስላም ካልሆንክ ክርስቲያን ነህ?"

"አይደለሁም።"

"አይሁድ?"

"አይደለሁም።"

"ኧረ ምን ቀረ ታዲያ!"

ስለ ጣዎሱ ሲነግራት ፊቷ በራ። "ጣዎስ? ወፉ? እሱማ የእኛም ቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ላይ አለ!" ከዚያ ስለ ስሙ ነገራት፣ ድራየሩን ሲረግሙ ያንን ስም ቢተዉልኝ አላት፣ እሷም አፏን በእጇ ያዘች። "ውይ በሞትኩት! ለዚህ ነው አንሶላ የምትጥለው! እኔ ደግሞ ልጁ ደም አንሶታል ብዬ ቀይ ሥር ላመጣለት ነበር። ታዲያ ምን ብዬ ልርገመው?"

"ሌላ ስም ይፈልጉለት።"

"በሱፐርቫይዘራችን ስም እጠራዋለሁ እንግዲህ።" ሁለቱም ሳቁ፣ ሳቁም ሲያልቅ እሷ አንሶላውን መልሳ አነሳች። "ስማኝ፣ በእኛ አገር ክርስቲያን ሲደግስ ለእስላም ጎረቤቱ ለብቻ ያሳርዳል፣ አራጁንም ከራሳቸው ጠርቶ ነው፣ ዳሱም ለብቻ ነው፤ ዘፈኑ ሲጀመር ግን አንድ ላይ ነው። ይርጉ የሚባል ሰው ነበር ሰፈራችን። ልጁን ሲድር የእስላሞቹ ሥጋ አለቀና 'ድስት ውስጥ ማን ያውቀዋል' ብሎ ከእኛው ጨመረላቸው። አወቁ፤ ወጥ ቤቷ አልሆነላትም፣ ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲያ ደጁን አልረገጡም። እናቱ ስትሞት እንኳ ከሩቅ ቆመው ነው ያለቀሱ። ሥጋው አንቆአቸው አይደለም፣ የያዙትን ነገር እንደ ጨዋታ ስለቆጠረባቸው ነው።"

"ብነግራቸው ያባርሩኛል።"

"ሊያባርሩህ ይችላሉ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ብቻህን ትበላለህ። እኔም ብቻዬን ነው የምበላው፣ ይኸው አልሞትኩም። ጫፉን ያዝ።"

ንጋቱ ረቡዕ ነው፣ ያውም ቀይ ረቡዕ የሚሉት፣ የያዚዲዎች የዓመት መባቻ፣ ጣዎስ መልአክ ወደ ምድር የወረደበት። ያን ቀን እንቁላል ቀለም ነክረው ይቀቅላሉ፣ ሴቶቹ ጭቃ አቡክተው ቀይ አበባና የእንቁላል ቅርፊት ከበሩ በላይ ይለጥፋሉ፣ መልአኩ ቤቱን እንዲያውቀው። ኸይሪ ከአውቶቡሱ አንድ ማቆሚያ ቀድሞ ወረደ። የአውራ ጎዳናው ዳርና ዳር በሰማያዊ አበባ ተሞልቷል፣ የቴክሳስ ሰው በሚያዝያ መኪናውን አቁሞ ልጁን መሃሉ አስቀምጦ ፎቶ የሚያነሳበት አበባ ነው፤ ኸይሪ ግን ሰማያዊ በማይለበስበት ቤት ነው ያደገ፣ በእግሩ ጣት እየተራመደ ያልፈዋል፣ በመሃሉ እዚህም እዚያም እሳት የመሰለ ቀይ አበባ ብቅ ይላል፣ እሱን እየለቀመ፣ ከባድ መኪና ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እንደሚያስር ሰው እየሆነ። ቤት ገባና በሩ ላይ ለጠፈው፤ ከውስጥ በኩል። ከውጭማ ማሞ ሰብሪ ሲያልፉ ያዩታል፣ በእነሱ አገር በዱሆክ ያደገ ሰው ሁሉ ቀይ አበባ የማን እንደሆነ ያውቃል። ለመልአኩ በሹክሹክታ "እዚህ ነኝ" አለው።

ለበዓሉ እናቱ ሳተላይት ስልክ ያለው ሰው ቤት ድረስ በመኪና ወርዳለች። ድምፅዋ ሰማይ ደርሶ፣ እዚያ ትንሽ አርፎ ነው የሚመጣ።

"ኸይሪ! ፀሐይ አለ እዚያ?"

"አለ እማዬ፣ ከእኛም ይብሳል።"

"አበባውን ሰቀልክ?"

"ሰቀልኩ።"

"በሩ ላይ?"

"በሩ ላይ።" በር መቼም ሁለት ፊት አለው።

"ከማን ጋር ነው የምትውል? የእኛ ሰው አለ?"

"ኩርዶች አሉ እማዬ። ደጎች ናቸው፣ ሾርባ ሳይቀር ያመጡልኛል።"

ድምፁ ሄደ፣ አረፈ፣ ተመለሰ። "ማን እንደሆንክ ያውቃሉ?"

"እማዬ፣ አባባ ለእስላም አርዶ ያውቅ ነበር?"

"አባትህ? ከነነፍሱ ነው እንጂ የሚሸጥላቸው! 'እነሱ ይረዱት፣ እኔም እነሱም በሰላም እንደር' ይል አልነበር? ለምን ጠየቅከኝ? ኸይሪ? ምን አደረግክ ልጄ?" ምንም አላደረግሁም ሊላት ሲል መስመሩ ተቋረጠ። ምንም አላደረግሁም፣ ገና ምንም አላደረግሁም እያለ ስልኩን ይዞ ቆሞ ቀረ። እሷም ያንን መልስ ሳትሰማ ተራራውን ትወጣለች፣ ምን አድርጎ ይሆን እያለች።

ዐርብ በዲልሻድ መኪና ሄዱ። ቤድፎርድን አለፉ፣ ፎርት ዎርዝን አለፉ፣ ሜዳው ተከፈተ። ኸይሪ ከኋላ ተቀምጦ አሁን እነግራቸዋለሁ ይላል፣ ድልድዩን ስናልፍ፣ ነዳጅ ስንቀዳ፤ ዲልሻድ ነዳጅ ቀዳ፣ ከረሜላ ገዝቶ አደላቸው፣ ኸይሪም ከረሜላውን ጎረሰና አፉ ሞላ። የእርሻው ሰው በጉን በገመድ አወጣላቸው። ነጭ ነው፣ አንድ ጆሮው ጠቆር ያለ። ማሞ ሰብሪ ቢላውን ከጨርቅ ፈትተው በእጀታው በኩል አቀበሉት። ቢላው በእጃቸው ላይ ይንቀጠቀጣል። ኸይሪ እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

"ማሞ፣ እኔ ካረድኩት አይበሉትም።"

"ለምን? ዶልዱሟል እንዴ?"

"ቢላውስ ደህና ነው። ያዚዲ ነኝ እኔ።"

መጀመሪያ የነቃው ዲልሻድ ነው፤ ገመዱን ለቆ ኸይሪን አቀፈው። "አልነገርኳችሁም? የመጀመሪያው ኩርድ! እዚሁ መሃላችን! ወንድሜ፣ ይኼን እኮ ለሰው ሁሉ—"

"ዲልሻድ" አሉ ማሞ ሰብሪ፣ "ንግግሩን ለኔውሮዝ አቆየውና በጉን ያዝ፣ እየሄደ ነው።"

በጉ እውነትም እየሄደ ነበር። ዲልሻድ ሲያባርር ሽማግሌው ኸይሪን አዩት፣ ረጅም ጊዜ፣ ሪዛቸው እየተንቀሳቀሰ።

"ረመዳንን ጾመህ ነበር እኮ።"

"ጾሜአለሁ።"

"ውሃ እንኳ አልጠጣህም?"

"አልጠጣሁም።"

"ማን አስገደደህ?"

"እናንተ ሳትበሉ ብቻዬን መብላት ከበደኝ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ዝም ትለኛለህ?" ድምፃቸው ከፍ አለ። "በአንድ ትሪ እየበላን! ምን አደርግሃለሁ ብለህ ፈራኸኝ? ሰው በላ መሰልኩህ?" የኸይሪን አያት በጫካ ያሳደዱት፣ አባቱን ከገበያ የመለሱት እኮ እንደ እሳቸው ያሉ ደግ ሪዝ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ይኼንን ሊል አሰበ፣ አሁን ግን ከሰውዬው ዓይን ጋር አልገጥም አለው። "ትሪውን ፈርቼ ነው" አለ ብቻ።

ማሞ ሰብሪ ዘወር ብለው ተንበረከኩ። በጉን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አዞሩ፣ ቢላውን አነሱ፣ እጃቸው ግን አንገቱ ላይ አልረጋ አለ። ዲልሻድ "እኔ ልሞክር" አለና ቢላውን ተቀብሎ ፊቱን ወደ ሰማይ አዞረ፤ "በጉን ልታሰቃየው ነው፣ መልስ!" ብለው ነጠቁት። በጉ ይጮሃል። ሽማግሌው ቀና ሳይሉ፣

"ና ወዲህ" አሉ።

"ማሞ፣ እኔኮ—"

"ሰምቼሃለሁ። ቢላውን አትንካ። ክንዴን ያዝልኝ። ከክርን በላይ።"

ኸይሪ ከኋላቸው ተንበረክኮ ክንዳቸውን በሁለት እጁ ያዘው። ቀጭን ነው፣ ከእጅጌው ውስጥ እንደ ወፍ ይርገበገባል፤ ጠበቅ አደረገው፣ መንቀጥቀጡ ወደ እሱ እጅ ተሻገረና እዚያ ቆመ። ሽማግሌው የአላህን ስም ጠሩ፣ ኸይሪ አፉን ዘጋ፣ ቢላው አንዴ ሄደ። ጥሩ አራረድ ነበር፣ በጉ አልተሰቃየም። መግፈፍ ላይ ሕግ የለም፣ ኸይሪ ገፈፈው፣ አወላልቆም በገንዳ ሞላው። ዲልሻድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው አጥቶ ውሃ ያፈስላቸው ነበር።

ሲመለሱ፣ ፎርት ዎርዝ ላይ፣ ማሞ ሰብሪ ወደ ኋላ ወንበር ዞሩ። ከዚያ "አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉ። "ዕድሜዬን ሙሉ ከእናንተ ጋር ተራራ ለተራራ ኖሬ ሰው ለመጠየቅ አፈርኩ። ሰላጣ ምን አድርጓችሁ ነው የማትበሉት? ያ ቅጠል?"

"እኔም አላውቅም ማሞ። እናቴ አትብላ አለችኝ፣ አልበላም።"

"ሌላ ምክንያት የለውም?"

"ሽማግሌዎቹ ብዙ ያወራሉ። አንዱ ካንዱ አይገጥምም።"

"ሆ! እንደኛዎቹ ነዋ!" አሉና ለአፍታ ሳቁ። መልሰው ኮስተር አሉ። "እኔ ለዘኪያ ያረድኩት እኔ ነኝ ነው የምላት፣ እውነት ነውና። ሌላውን አንተ ትነግራታለህ። እኔ በሰው አፍ አልናገርም።"

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ኸይሪ ገንዳውን ተሸክሞ ደጃፉ ላይ ቆመ፣ ዳዬ ዘኪያ እጃቸውን ለመቀበል ዘረጉ፤ ሳይቀበሉት ነገራቸው፣ በሁለት ቃል፣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት። የዳዬ ዘኪያ እጆች አየር ላይ ቀሩ። ባላቸውን አዩ፤ ማሞ ሰብሪ "ያረድኩት እኔ ነኝ" አሉ። እንደገና ኸይሪን አዩት፣ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግሩ፣ አሁን ከአውሮፕላን እንደወረደ እንግዳ። ከዚያ ገንዳውን ከእጁ ወስደው ወደ ጓዳ ገቡ። ኸይሪ ልሂድ ወይስ ልቁም ሲል ዲልሻድ እጁን ይዞ አስቀመጠው።

ትሪው መጣ፣ ሩዙ ላይ ሥጋው ተከምሮ፣ ሰዎቹ ዙሪያውን ያዙ። ኸይሪም ጉልበቱን አጠፈ። ዳዬ ዘኪያ ግን ከጓዳ ተመልሰው ፊቱ አንድ ነጭ የስፖንጅ ሰሐን አኖሩለት፣ በልተው የሚጥሉትን፤ የእሱ ለብቻ ነው። ማሞ ሰብሪ ወደ ትሪው አቀረቀሩ። ኸይሪ ሰሐኑን አየው። ይኼው ነው እንግዲህ፣ አለ በልቡ፣ የፈራሁት ይኼው ነው፤ ተነስቼ ልሂድ? ዳዬ ዘኪያ ጭልፋውን ይዘው ጎንበስ አሉና ሩዙን ሞሉለት፣ ከላዩ ጎድኑን፣ ከጎድኑ ላይ ኩላሊቱን፣ ለታላቅ እንግዳ ብቻ የሚወጣውን።

"ብላ" አሉት፣ ፊቱን ሳያዩ።

"በቃኝ ዳዬ።"

"ምን በቃህ፣ አልጀመርክ!" ደግሞ ጨመሩ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ፣ ከትሪው ላይ ከራሳቸው ፊት ያለውን እያነሱ፤ ቀጭኑ ሰሐን ከሥጋው ክብደት የተነሳ መሃሉ ጎበጠ፣ ጠርዙም ሊሰበር ደረሰ፣ ኸይሪም እንዳይፈስበት ከታች በሁለት እጁ ደግፎ ያዘው፤ እጁ ስለተያዘ መብላት አልቻለም፣ መነሳትም አልቻለም።